ድረ ገጽ ላይ የጫናችሁት ሲቪ ማን ጋ ይደርሳል?

ሥራዬ ሰው መቅጠር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ አስመጪ ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል እሠራለሁ። ክፍት የሥራ ቦታ ሲኖር ማስታወቂያውን የማወጣው እኔ ነኝ። የሚመጣውን ሲቪ የማየውም፣ ለፈተና የምደውለውም እኔው ነኝ። ይህን የሚያውቅ ዘመድና ጎረቤት ባገኘኝ ቁጥር የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ልጁ ኢንተርኔት ላይ ያላመለከተበት ቦታ የለም። አንድ እንኳን የሚጠራው ጠፋ። ምን ይሻላል?»

መንገድ ላይ ቆሜ የምመልሰው ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ ከጠረጴዛው ወዲህ ሆኜ የማየውን እዚህ ልጻፈው።

በፊት ሥራ ፈላጊ የሚገኘው አራት ኪሎ ነበር። ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ቆሞ የሚያነብ፣ አዲስ ዘመንና ሪፖርተር ተከራይቶ የሚያገላብጥ፣ ስልክ ቁጥር በእስክሪብቶ መዳፉ ላይ የሚጽፍ ወጣት ሞልቶ ነበር። ከዚያ ፎቶ ኮፒ በላስቲክ ይዞ ከቦሌ እስከ ቃሊቲ መዞር ነው። ዛሬም ይህ ሙሉ በሙሉ አልቀረም። በተለይ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች «ኦሪጅናልና ኮፒ ይዛችሁ በግንባር ቅረቡ» ማለቱን አልተዉም። አብዛኛው የግል ድርጅትና ግብረ ሰናይ ድርጅት ግን ስልክ ውስጥ ገብቷል። ኢትዮጆብስ አለ፣ ሐሁ ጆብስ አለ፣ ቴሌግራም ላይ አፍሪወርክ አለ፣ ለአዲስ ተመራቂዎች «ደረጃ» የሚባል ድረ ገጽ አለ፣ ሊንክድኢን አለ።

ለአመልካቹ ነገሩ ቀለለ። ለእኛ ደግሞ በዛብን። ማታ ማስታወቂያ ለቅቄ ጠዋት ቢሮ ስገባ በመቶዎች የሚቆጠር ሲቪ ይጠብቀኛል። ድሮ የታክሲው ወጪና የእግር መንገዱ ራሱ ሰው ያጣራ ነበር። አሁን ግን አንድ ቁልፍ መንካት ብቻ ስለሆነ፣ ለሂሳብ ሠራተኛ ቦታ የባዮሎጂ ምሩቅም ያመለክታል፣ ሾፌርም ያመለክታል። አልፈርድባቸውም። ሥራ ማጣት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ያን ሁሉ ሲቪ ከላይ እስከ ታች የሚያነብ ሰው የለም። መጀመሪያ የሚያጣራው ኮምፒውተሩ ነው።

እንዴት እንደሚያጣራ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። የሂሳብ ሠራተኛ እፈልጋለሁ እንበል። የትምህርት ደረጃ፦ ዲግሪ። ልምድ፦ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ። ቦታ፦ አዲስ አበባ። እነዚህን ስመርጥ ዝርዝሩ በአንድ ጊዜ ያጥራል። አሁንም ብዙ ነው። ከዚያ መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ «ፒችትሪ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ድርጅታችን ሂሳብ የሚሠራበት ሶፍትዌር ነውና። ሲቪያቸው ላይ ይህ ቃል ያለባቸው ብቻ ይቀራሉ። ፒችትሪን አሳምሮ የሚያውቅ፣ ግን «የተለያዩ የሂሳብ ሶፍትዌሮችን እችላለሁ» ብሎ የጻፈ ልጅ ከዝርዝሩ ወጣ። እሱ ያልተጠራው ዘመድ ስለሌለው ይመስለዋል። እኔ ግን ስሙን እንኳን አላየሁትም።

ከዚህ ሁሉ የምለው ዋናው ነገር ይህ ነው። ሲቪያችሁ ከመነበቡ በፊት መገኘት አለበት። የሚገኘው ደግሞ ቀጣሪው በሚፈልግበት ቃል ሲጻፍ ነው። ያ ቃል የት አለ ብትሉ፣ ማስታወቂያው ላይ ተጽፎላችኋል። ማስታወቂያው «የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ» ካለ፣ ያንን ሥራ ሠርታችሁ ከሆነ፣ እናንተም ያንኑ ጻፉ። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ከወጣ ቃሉን በእንግሊዝኛ እንዳለ ውሰዱት። ያልሠራችሁትን ጨምሩ ማለቴ አይደለም። እሱ ፈተና ላይ በአምስት ደቂቃ ይታወቃል። የሠራችሁትን ግን በሌላ ቋንቋ አትደብቁት።

የአክስቴ ልጅ ደሴ ነው ያደገው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ጨርሶ ሲቪውን በቴሌግራም ላከልኝ። ከፈትኩት። የመጀመሪያው ገጽ ግማሹ የግል መረጃ ነው። ፆታ፣ የትውልድ ቦታ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ «የጤና ሁኔታ፦ በጣም ጥሩ»። ቀጥሎ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፣ የሁለተኛ ደረጃው፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲው። የሥራ ልምድ የሚለው ቦታ ላይ «0 ዓመት»። መጨረሻ ላይ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የሚችል»። ኢንተርኔት ቤት የጻፉለት ነው። አንድ ፎርም አላቸው፣ ስም እየቀየሩ ለሁሉም እሱኑ ያትማሉ።

ደወልኩለት። «ከተመረቅክ ጀምሮ ምን ስትሠራ ነው የቆየኸው?» አልኩት።

«ምንም። እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ፣ አጎቴ ሱቅ እየዋልኩ ነው።»

«ሱቁ ውስጥ ምን ትሠራለህ?»

«እንዲሁ ሂሳቡን ነዋ የምይዝለት።»

ቀስ እያልኩ ጠየቅኩት። ሱቁ የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል። የየቀኑን ሽያጭ ከካሽ ሬጅስተሩ ጋር የሚያመሳክረው እሱ ነው። የቫት ማሳወቂያውን በየወሩ አዘጋጅቶ ገቢዎች የሚሄደው እሱ ነው። በዱቤ የወሰዱ ኮንትራክተሮችን ዝርዝር የሚይዘው እሱ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ዕቃ የሚቆጥረው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ነግሮኝ ሲያበቃ «እትዬ፣ እሱም ሥራ ነው እንዴ?» አለኝ።

ልቤ ተነካ። ይህ ልጅ እኔ ማስታወቂያ ላይ የምጽፈውን ሥራ በየቀኑ ሲሠራ ኖሮ ሲቪው ላይ ዜሮ ይላል። ስንቱ እንዲህ ቀርቷል!

የጤና ሁኔታውን አወጣነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን አወጣነው። «ታታሪና ታማኝ»ንም አወጣነው፤ ሁሉም ሰው ስለሚለው ምንም አይነግረኝም። በምትኩ ከስሙ ሥር የሱቁን ሥራ አስገባን። ሲቪው ላይ በእንግሊዝኛ ነው፣ እዚህ ላይ በአማርኛ ላስቀምጠው። «የሂሳብ ሠራተኛ፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብር፣ ደሴ። የዕለት ሽያጭን ከካሽ ሬጅስተር ሪፖርት ጋር ማመሳከር፤ ወርሃዊ የቫት ማሳወቂያ ማዘጋጀትና ማስገባት፤ የዱቤ ደንበኞችን መዝገብ መያዝና ክፍያ መከታተል፤ ዓመታዊ የዕቃ ቆጠራ ማካሄድ።» ከአጎቱ ደግሞ ማህተም ያለበት የሥራ ልምድ ደብዳቤ አጻፈ። የሥራ ግብር የተከፈለበት ልምድ ካልሆነ የማይቀበሉ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ ስለዚህ ለሁሉም ቦታ አያገለግለውም። ለብዙ የግል ድርጅት ግን ይበቃል። አሁን ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሂሳብ ክፍል ነው። የገባው በማንም ስልክ ሳይሆን ተፈትኖ ነው።

ነገሬን ለተመራቂዎች ብቻ አታድርጉት። ካፌ አስተናግዳችሁ ከሆነ፣ ቤተሰብ ሱቅ ሸጣችሁ ከሆነ፣ ለጎረቤት ልጆች ጥናት አስጠንታችሁ ከሆነ፣ ሥራ ነው። ምን እንደሠራችሁ በግሥ ጻፉት። መቁጠር፣ መመዝገብ፣ ማሳወቅ፣ መሸጥ፣ ማሠልጠን።

አሁን ወደ ቀን ልምጣ። እኛ አገር ብቻ የሚያጋጥም ችግር ስለሆነ ከውጭ የሚተረጎሙት ምክሮች አይነኩትም። በየሳምንቱ የማየው ነገር ነው። አንዷ የተመረቀችው ሐምሌ 2013 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ሥራ የጀመረችበትን ግን ደብዳቤው ላይ ያለው የፈረንጆቹ ስለሆነ 2021 ብላ ትጽፋለች። እሷ ከምረቃ በቀጥታ ሥራ ገብታለች። ሲቪው ግን በመሃል ስምንት ዓመት ቤት የተቀመጠች ያስመስላታል። ተቃራኒውም አለ። ድረ ገጹ ፎርም ላይ የሥራ መጀመሪያ ዓመት ሲጠይቅ 2013 ብሎ የሚሞላ አለ። ሲስተሙ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ብቻ ስለሆነ ከአሥር ዓመት በላይ ልምድ አለው ብሎ ያሰላል። የልደት ዓመቱን ሳይ 1999 ይላል፣ እሱን በፈረንጅ ሞልቶታል። በ14 ዓመቱ ሂሳብ ሠራተኛ ሆነ ማለት ነው። ልጁ አልዋሸም። ግን ጊዜ የሌለው ሰው ውሸት ነው ብሎ ያልፈዋል።

አንዱን አቆጣጠር ምረጡና እስከ መጨረሻው በሱ ሂዱ። ድረ ገጽ ላይ ከሆነ የፈረንጆቹን ተጠቀሙ። ስትቀይሩ ወሩን እዩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት ትደምራላችሁ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8። መስከረም 2014 ሴፕቴምበር 2021 ነው። ሐምሌ 2014 ግን ጁላይ 2022 ነው። የአማርኛ ሲቪ ከሆነ «ዓ.ም.» ብላችሁ የኢትዮጵያን ጻፉ፣ ምንም ችግር የለውም።

ስምም እንደዚሁ ነው። ዲግሪው ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ፊደልና ሲቪው ላይ ያለው ፊደል ሲለያይ፣ ሰነድ የሚያጣራው ክፍል ጥያቄ ያነሣል። ዲግሪያችሁ ላይ እንዳለው ጻፉ። ፎርሙ የመጨረሻ ስም ሲል የአባት ይሁን የአያት ግራ የሚጋባ ብዙ ነው። ዋናው ነገር ሁሉም ድረ ገጽ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

ስለ ፋይሉ በአጭሩ። በወርድ አትላኩ፤ የእናንተ ስልክ ላይ ያማረው የእኔ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ይበታተናል። ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት። ግን የታተመውን ወረቀት በስልክ ካሜራ አንስታችሁ ፒዲኤፍ አታድርጉት። እሱ ፎቶ ነው። እኔ «ፒችትሪ» ብዬ ስፈልግ ኮምፒውተሩ ፎቶ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ላያነብላችሁ ይችላል። የፋይሉ ስም የእናንተ ስምና የምታመለክቱበት የሥራ መደብ ይሁን። «ሲቪ ፋይናል ኒው 2» የሚል ፋይል አውርጄ ካስቀመጥኩ በኋላ ከመቶ ፋይል ውስጥ የማን እንደሆነ አላውቅም። ኢንተርኔት ቤት ካስጻፋችሁ ደግሞ ፋይሉን በቴሌግራም ተቀብላችሁ ውጡ። ለሚቀጥለው ማመልከቻ ሁለት መስመር ለመቀየር እንደገና ከፍላችሁ አትመለሱ።

የማመልከቻ ደብዳቤ ሁሉም ቦታ አይጠየቅም። ከተጠየቀ ግን የድርጅቱን ስም አስተካክሉ። ለሌላ ድርጅት «ይድረስ ለ» የተባለ ደብዳቤ የሚደርሰኝ ጥቂት ጊዜ አይደለም። አምስት መስመር ይበቃል። የትኛውን ቦታ እንደፈለጋችሁ፣ ከማስታወቂያው ውስጥ የትኛውን ሥራ ሠርታችሁ እንደምታውቁ፣ መቼ መጀመር እንደምትችሉ።

ጊዜም ዋጋ አለው። ማስታወቂያው አሥር ቀን ይላል ብላችሁ ዘጠነኛው ቀን ድረስ አትቆዩ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት እስከ መጨረሻው ቀን ይጠብቃል። የግል ድርጅት ግን ብዙ ጊዜ ሰው በአስቸኳይ ፈልጎ ነው ያወጣው። እኔ ጥሩ ሲቪ በሁለተኛው ቀን ካየሁ በሦስተኛው ቀን እደውላለሁ። ስለዚህ የኢሜይልም ሆነ የቴሌግራም ማሳወቂያ አብሩ። የምትፈልጉትን የሥራ ዘርፍና ከተማ ምረጡና ማስታወቂያው ራሱ ይምጣላችሁ። ቀኑን ሙሉ ዳታ እያቃጠሉ ቻናል ለቻናል መዞር አያስፈልግም።

እዚህ ላይ «ያለ ዘመድ ሥራ አይገኝም» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው ብዬ አልከራከርም። ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ሰው የተያዘለት ቦታ አለ። የሚያሳዝንም የሚያናድድም ነገር ነው። ግን ማስታወቂያ ከፍሎ የሚያወጣ፣ ሠርቶ የሚያሳየው ሰው የቸገረው ድርጅትም በጣም ብዙ ነው። እኔ ራሴ ክፍት ቦታ ይዤ የሚመጥን ሰው አጥቼ ማስታወቂያ ደግሜ አውጥቻለሁ። የሚመጥነው ሰው እዚያው ዝርዝር ውስጥ «0 ዓመት» ብሎ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ።

አሁን ስለ ማጭበርበር። ይህን ክፍል እባካችሁ ለታናናሾቻችሁም አንብቡላቸው። ቴሌግራም ላይ «ተመርጠዋል፣ የመመዝገቢያ በቴሌብር ላኩ» የሚል መልእክት ከመጣ ሌባ ነው። ለፎርም፣ ለሥልጠና፣ ለዩኒፎርም፣ ለመታወቂያ፣ ስሙን ምንም ይበሉት፣ ቀጣሪ ከተቀጣሪ ገንዘብ አይጠይቅም። የድርጅቱን ስም ከሰማችሁ የራሱን ድረ ገጽ ፈልጋችሁ እዚያ ባለው የቢሮ ስልክ ደውሉ፤ መልእክቱ ላይ ባለው ቁጥር አይደለም። የሥራው ዝርዝር ሳይኖር ደመወዙ ብቻ የተጋነነ ማስታወቂያም ይሸታል።

የውጭ አገሩ ደግሞ የከፋ ነው። የካቲት 2017 ላይ ሰውን በግዳጅ የኢንተርኔት ማጭበርበር ከሚያሠሩ የማይናማር ካምፖች ወጥተው ለታይላንድ ጦር የተላለፉትን ሰዎች ዜና ታስታውሳላችሁ። ከ20 አገሮች የመጡ 260 ሰዎች ነበሩ። ከግማሽ የሚበልጡት፣ 138ቱ፣ የእኛ ልጆች ናቸው። እንዲህ ያሉ ካምፖች ሰው የሚሰበስቡት በኮምፒውተር ሥራና በጥሩ ደመወዝ ተስፋ ነው። ኮምፒውተር የሚችል፣ እንግሊዝኛ የሚናገር፣ ኢንተርኔት ላይ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው የሚያጠምዱት። እናንተን ማለት ነው። ለውጭ አገር ሥራ ሕጋዊው መንገድ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል ነው። «ቪዛው በቱሪስት ነው፣ እዚያ ስትደርሱ ይቀየራል» ካሏችሁ እግራችሁን አታንሱ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነገር ሲቪ ላይ ስለሚጻፈው የግል መረጃ ነው። ሲቪያችሁን ማንም በሚያየው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትልቀቁት። የፋይዳ ቁጥር፣ የባንክ ሂሳብ፣ የቤት ቁጥር ሲቪ ላይ ምንም አይሠራም። ክፍለ ከተማውና ከተማው ይበቃል። የዲግሪ ስካን አስቀድማችሁ አትበትኑ፣ የጠየቃችሁ ድርጅት ማን እንደሆነ ስታውቁ ላኩ። ምስክር አድርጋችሁ የምትጽፉትን ሰው ስልክም አስፈቅዳችሁ ጻፉ። ሳታሳውቁት ስደውልለት «ማን ነበረች እሷ?» ይለኛል፣ ያ ለማንም አይጠቅምም። ሥራ ላይ ሆናችሁ ሌላ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ፕሮፋይላችሁን ማን እንደሚያየው የሚወስነውን ምርጫ ፈልጉ። የአሁኑ አለቃችሁም እዚያው ድረ ገጽ ላይ ሰው ሲፈልግ ሊያገኛችሁ ይችላል።

ፕሮፋይል አንዴ ሞልታችሁ አትተዉት። አዲስ ሥልጠና ስትወስዱ፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ስታልፉ፣ የመውጫ ፈተና ውጤታችሁ ሲመጣ ጨምሩ። ለእያንዳንዱ ማመልከቻ ሲቪውን እንደ አዲስ መጻፍ አይጠበቅባችሁም። ከላይ ያሉትን አራት አምስት መስመሮች ለቦታው ማስተካከል ይበቃል። በቀን ሃያ ቦታ አንዱን ሲቪ ከመበተን፣ ሁለት ቦታ አስተካክሎ መላክ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የምጠራቸው ሰዎች ሲቪ ብዙውን ጊዜ ለእኛ ተብሎ የተነካ መሆኑ ያስታውቃል።

ያመለከታችሁበትንም መዝግቡ። ደብተር ላይም ይሁን ስልክ ላይ፣ የድርጅቱ ስም፣ የሥራ መደቡ፣ የላካችሁበት ቀን፣ የማስታወቂያው ፎቶ። ማስታወቂያው ቀኑ ሲያልፍ ከድረ ገጹ ሊጠፋ ይችላልና ስክሪንሾት አንሱ። ብዙ ጊዜ ደውዬ «ለሂሳብ ሠራተኛ ቦታ አመልክተው ነበር» ስል፣ «የትኛው ድርጅት ነው?» የሚል መልስ ነው የምሰማው። ያስከፋል ማለቴ አይደለም። ግን ቀጥዬ የምደውልለት ልጅ «አዎ፣ የሕንፃ ዕቃ አስመጪው፣ ሳሪስ ያላችሁት» ብሎ ሲመልስ ልዩነቱ ይሰማል።

ስልክ ነገርም አለ። ሲቪው ላይ የምትጽፉት ቁጥር ሁልጊዜ የሚሠራው ይሁን። ሁለት ሲም ካላችሁ፣ የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም፣ ሁለቱንም ጻፉ። እኛ ብዙ ጊዜ የምንደውለው ከቢሮ መስመር ነው፣ ስለዚህ በ011 የሚጀምር የማታውቁት ቁጥር ሲመጣ አንሡት። ታክሲ ውስጥ ከሆናችሁና ካልተሰማችሁ «ከአሥር ደቂቃ በኋላ መልሼ ልደውል?» ማለት ነውር አይደለም። ካመለጣችሁ ደግሞ ወዲያው መልሳችሁ ደውሉ። ስልኩን የምታነሳው የእንግዳ መቀበያዋ ናት፤ ማን እንደደወለላችሁ አታውቅም። «ሥራ አመልክቼ ነበር፣ ተደውሎልኝ አመለጠኝ፣ የሰው ሀብት ክፍል ያገናኙኝ» በሏት። የመደቡን ስም ንገሯት። ታገናኛችኋለች።